ጠባሳውን ያልሸሸገ ቤት

ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ቤት ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን አንዳንድ ቁራጩን ነው። ለአንዱ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ደጅ ነው። ለሌላው በታኅሣሥ ግርግር መኳንንቱ የተረሸኑበት «አረንጓዴው ሳሎን» ነው። ለተማሪው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለጎብኚው ደግሞ ሙዚየም ነው። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ገነተ ልዑል ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ሊኖሩበት የተሠራ መኖሪያ ቤት ነበር። መኝታ ቤቱ፣ መልበሻ ክፍሉና መታጠቢያው ዛሬም በሙዚየሙ ውስጥ አሉ። ቁራጮቹን በዘመን ቅደም ተከተል ገጣጥመን ብናያቸው ቤቱ ራሱ አንድ ወጥ ታሪክ ይነግረናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1928፦ ከእልፍኝ ወደ ሳሎን

የዐፄ ምኒልክን ታላቁን ግቢ ያየ ሰው የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት አንድ ቤት እንዳልነበረ ይረዳል። መንደር ነበር ማለት ይቀላል። እልፍኙ ለብቻ፣ እንቁላል ቤቱ ለብቻ፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ለብቻ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ግምጃ ቤቱም ለየብቻ ቆመው በአጥርና በመተላለፊያ ይገናኙ ነበር። ንጉሡ በአንዱ ቤት አድረው፣ በሌላው ፈርደው፣ በሦስተኛው ሺህዎችን ያበላሉ። የግቢው ልብ አዳራሹ ነበር፤ ምክንያቱም መንግሥት የሚታየው በግብር ላይ ነውና። ዕቃውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነበር፤ አልጋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ መሶቡና ብርሌው እንደ ሁኔታው ከቤት ቤት ይዘዋወራል።

በ1916 ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን፣ የኋላው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ መኳንንቱን አስከትለው ወደ አውሮፓ ተጓዙ። ፓሪስን፣ ሮማን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ለንደንንና አቴናን ጎበኙ። ስለዚያ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ባሕር በር የተደረገው ድርድር፣ በስጦታ የተሰጡት አንበሶችና በኢየሩሳሌም ተገኝተው ለሙዚቃ ጓድ የመጡት አርባ የአርመን ልጆች ናቸው። እኔ ግን ለቤት ታሪክም ትልቅ ጉዞ ነበር ባይ ነኝ። ልዑሉና መኳንንቱ ለወራት ያደሩት ሁሉ ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር በተሰበሰበባቸው ቤተ መንግሥቶች ነው። እንግዳ የሚቀበሉበት ሳሎን፣ የሚመገቡበት ክፍል፣ የሚያነቡበት ክፍል፣ የሚተኙበት፣ የሚለብሱበትና የሚታጠቡበት ክፍል በኮሪደርና በደረጃ ብቻ ተለያይቶ ይገኛል። የአዲስ አበባ መኳንንት እንዲህ ያለ ቤት ለመሥራት ከዚያ በፊትም ጀምረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ የመንግሥት መልክ ሆነ።

በ1920ዎቹ በስድስት ኪሎ የቆመው ገነተ ልዑል የዚህ አሳብ ፍሬ ነው። ፊቱ በአምዶች የተደገፈ መግቢያ ያለው፣ በሰፊ ደረጃ የሚወጣበት፣ ከላይ ሰገነት የተዘረጋለት፣ መስኮቱ የበዛ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ከምድሩ ለእንግዳና ለመንግሥት ጉዳይ የሚሆኑ ሳሎኖችና አዳራሽ አሉ፤ ከፎቁ የንጉሡና የንግሥቲቱ የግል ክፍሎች። ከታላቁ ግቢ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በአንድ ቃል ይነገራል፦ በር። በዚህ ቤት ንጉሡ በር ዘግተው ብቻቸውን መሆን ይችላሉ። ለምኒልክ ዘመን ባላባት ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ ጌታ የሚከበረው በሰው ሲከበብ ነውና።

ስሙም የሚናገረው አለው። «ገነት» በግዕዝ አትክልት የተተከለበት ስፍራ ማለት ነው፤ ገነተ ልዑል የልዑል የአትክልት ቦታ ነው። ንጉሥ አላለም፣ ልዑል ነው ያለው፤ ባለቤቱ ገና ዘውድ ሳይጭኑ ይጠሩበት የነበረው ማዕርግ በስሙ ላይ ቀርቷል። አጠገቡ ያለው የመንበረ ልዑል ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ያንኑ ማዕርግ እንደያዘ ነው። እንግዲህ ቤቱ ከነስሙ የሚጀምረው ከደጁ ነው፤ ከሰፊው ግቢ፣ ከሣሩ፣ ከዘንባባውና ከጽዱ። ዛሬም በዚያ ጥላ ሥር የሚያልፍ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣ አይጠፋውም። የዚህ ቤት ታሪክ ግማሹ የተፈጸመው በአትክልቱ ቦታ ላይ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበል።

ከ1928 እስከ 1933፦ ያልተጠራው እንግዳ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተሰባቸው ጋር በባቡር አዲስ አበባን ለቀቁ። ለሦስት ቀን ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ስደቱን ሲገፋ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው የፋሺስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። ድል አድራጊ ወደ ተሸናፊው ቤት መግባቱ የተለመደ ነው። ጣሊያን ግን ለመኖሪያነቱ ብቻ አልፈለገውም፤ ሕዝቡ ያንን ደጅ የንጉሥ ደጅ ብሎ ያውቀዋል፤ እዚያ መቆም ራሱ አዋጅ ነበር።

ይህ ስሌት ነው የካቲት 12 ቀን 1929 የፈረሰው። ቀኑ ዓርብ ነበር። የኔፕልስ ልዑል በመወለዱ ደስታ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ ወደ ግቢው ተጠራ። እንደራሴው ግራዚያኒ ከሹማምንቱ ጋር በቤቱ መግቢያ ደረጃ አናት ላይ ቆሞ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ዓይነ ስውሩና አሮጊቱ በአትክልቱ ቦታ ተሰልፈው ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ተከታታይ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በስብርባሪ ተበሳሳ፤ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ አቡነ ቄርሎስ ቆሰሉ። ስምዖን አደፍርስ በመኪና ሲጠብቃቸው ነበርና ሁለቱ ወጣቶች አመለጡ። ሊመጸወት የመጣው ሕዝብ ግን መውጫ አልነበረውም። በሩ ተዘግቶ ወታደሮቹ በግቢው ውስጥ በነበረው ሰው ላይ ተኮሱ። እልቂቱ ከዚያ ወደ ከተማው ወጥቶ ሦስት ቀን ዘለቀ። ኢትዮጵያ የሟቹን ቁጥር 30,000 ትላለች። ቀጥሎ ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተራ ሆነ።

የቤቱን ታሪክ ለሚከታተል ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታያል። መግቢያው ደረጃ በአሠራሩ መድረክ ነው፤ ባለቤቱን ከፍ አድርጎ ለሕዝብ የሚያሳይ። የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችም እንዲህ ያሉ ደረጃዎች አሏቸው። ግራዚያኒን ለቦምቡ ያጋለጠው ያው ሊታይ የወጣበት ከፍታ ነው።

ከግራዚያኒ በኋላ የአኦስታው መስፍን አሜዴኦ እንደራሴ ሆኖ መጣና በዚሁ ቤት ተቀመጠ። ጣሊያኖች በግቢው ውስጥ ሌላ ደረጃም ሠርተዋል፤ ይኼኛው ወደ የትም አያደርስም። ከሕንፃው ፊት ለፊት በአትክልቱ ቦታ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በሥልጣን የቆየበትን አንድ ዓመት ይወክላል፤ የሚቆጠረውም ፋሺስቶች ወደ ሮማ ከዘመቱበት በእነርሱ አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ ነው። ዓመት በተጨመረ ቁጥር እርከን ይጨመራል። የሰው አትክልት ቦታ ላይ የራስን ዕድሜ መቁጠሪያ መትከል የድፍረት ጥግ ይመስለኛል።

ከ1933 እስከ 1953፦ ቤተሰቡ ሲመለስ

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ጣሊያን በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ገቡ። ሰንደቅ ዓላማው የተሰቀለው በምኒልክ ግቢ ነበር፤ መኖሪያቸው ግን እንደገና ገነተ ልዑል ሆነ። የተመለሰው ቤተሰብ የወጣው አልነበረም። ልዕልት ሮማነ ወርቅ በጣሊያን አገር በእስር ሳሉ ሞተዋል። በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የመጡት ልዕልት ፀሐይ በተመለሱ በዓመቱ ዐረፉ። ልዑል መኮንን በ1949 በመኪና አደጋ ሞቱ። ስለዚህ የእነዚያ ዓመታት ገነተ ልዑል በጋዜጣ ፎቶግራፍ እንደምናየው የእንግዳ መቀበያና የሻምፓኝ ብርጭቆ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ለቅሶ የሚደጋገምበት የቤተሰብ ቤትም ነበር።

የጣሊያኑን ደረጃ በተመለከተ የተወሰደው ውሳኔ የቤቱን ጠባይ ለዘለቄታው የቀረጸው ይመስለኛል። ማፍረስ ቀላል ነበር፤ ጥቂት ሰዎችና መዶሻ ይበቁት ነበር። አልፈረሰም። በመጨረሻው እርከን አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እርከኖቹ እንደነበሩ ይታያሉ፤ ማን እንደጨረሳቸውም ይታያል። ከግቢው በር ወጣ ሲባልም አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆመ፤ በዙሪያው ያለውን የቅርጽ ሥራ የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። በ1940 ደግሞ እዚያው ሰፈር አንበሳ ግቢ ተከፈተ። ሰፈሩ በሙሉ የቤቱ አትክልት ቦታ ቅጥያ የሆነ ያህል ነው።

በ1948 የንግሥናው ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠራ። መጀመሪያ የውጭ እንግዶች ማረፊያ ነበር። ጃንሆይ ግን ገነተ ልዑልን አልለቀቁም። እንዲለቁት ያደረገው ሌላ ነገር ነው።

ታኅሣሥ 1953፦ አረንጓዴው ሳሎን

ጃንሆይ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ታኅሣሥ 4 ሌሊት የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። የጸጥታው ሹም ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊሱ አዛዥ ጽጌ ዲቡ አብረዋቸው ነበሩ። ሚኒስትሮቹና መኳንንቱ በየሰበቡ እየተጠሩ ተያዙና በገነተ ልዑል ታሰሩ። የታሰሩበት ክፍል በቀለሙ የተጠራው አረንጓዴው ሳሎን ነው። ሳሎን እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ንጉሡ እስኪወጡ የሚጠበቅበት ክፍል ነው። እነዚህ ሰዎች በዚያ ክፍል ለዓመታት ደጅ ጠንተውበታል፤ ወንበሩን ሁሉ ያውቁታል።

የጦር ሠራዊቱ በሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና በሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ መሪነት ከጃንሆይ ጎን ቆመ። አቡነ ባስልዮስ አማጽያኑን የሚያወግዝ ቃል በትነው ነበር። ከአራት ኪሎ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በበኩላቸው መፈንቅሉን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ታኅሣሥ 7 ታንኮች ወደ ግቢው ሲገቡ አማጽያኑ ከመሸሻቸው በፊት በሳሎኑ ውስጥ የነበሩትን እስረኞች በመትረየስ መቱ። ከሞቱት መካከል የአርበኞቹ አለቃ ራስ አበበ አረጋይ፣ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና የጃንሆይ የነፍስ አባት አባ ሐና ጅማ ይገኙበታል። የሰሜን ባላባት፣ የሸዋ አርበኛ፣ የአዲሱ ቢሮክራሲ ሰው፣ ዘመናዊ የጦር መኮንንና ካህን በአንድ ክፍል ወደቁ። ይህ ሳሎን መንግሥቱ ከእነማን እንደተሠራ የሚያሳይ ዝርዝር ሆኖ ቀረ።

ጥይቱ ፎቁንም ነክቶታል። በጃንሆይ መልበሻ ክፍል ያለው መስታወት ተበሳ። ያ ቀዳዳ ዛሬም አለ። በየቤታችን የተሰበረ መስታወት ወዲያው ይጣላል፤ ይህ ተጠብቆ ኖሯል።

1954፦ ቤት የተሰጠበት ዓመት

ጃንሆይ ከዚያ ወዲህ በገነተ ልዑል አልኖሩም። ወደ ኢዮቤልዩ ገቡና ይህን ቤት ከነግቢው ለትምህርት ሰጡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በሳሎኑ ደም ከፈሰሰ ልክ አንድ ዓመት ከሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው።

ስለዚህ ስጦታ ሁለት ወሬ ይነገራል። አንደኛው የትምህርት ፍቅር ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደም የፈሰሰበት ቤት አያሳድርም ነው። ለእኔ አንዱን መምረጥ አስፈላጊ አይመስለኝም። በ1943 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጠቦ ነበር፤ የዓለማያ እርሻ፣ የጎንደር ጤና አጠባበቅ፣ የምሕንድስናና የሕንፃ ኮሌጆች በአንድ ስም ሊሰባሰቡ ማዕከል ይፈልጉ ነበር። ቤቱም ባለቤቱ ሊገቡበት ያልፈለጉት ቤት ሆኗል። የሚያስገርመው ሌላ ነው፦ ባለፈው ዓመት አማጽያኑን ደግፈው የተሰለፉት ተማሪዎች አማጽያኑ መኳንንቱን የረሸኑበትን ቤተ መንግሥት ወረሱ። እቴጌ መነን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ በሁለት ወሩ ዐረፉ። የቤቱ እመቤት ከቤቱ ብዙም አልዘገዩም።

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ቀድመው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መጻሕፍትና ቅርስ መሰብሰብ ጀምረው ነበርና ያ ስብስብ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ መሠረት ሆነ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሥዕለ አድኅኖ፣ መስቀል፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የሸማ ሥራ፣ የሸክላና የእንጨት ዕቃ ገባ። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረ ቤት የብዙ ቤተሰቦች ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ቀድሞ በደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ገበሬ አገልግሉ ንጉሡ በሚራመዱበት ወለል ላይ በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ። የዚህን ያህል መገለባበጥ በአዋጅ ሊደረግ አይችልም።

ከ1954 እስከ 1967፦ አትክልቱ ቦታ እንደገና

ቤተሰቡ ቤቱን ለቀቀ እንጂ ከቤቱ አልተለየም። ከመጀመሪያዎቹ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንቶች አንዱ ልጅ ካሳ ወልደ ማርያም የጃንሆይን የልጅ ልጅ ልዕልት ሰብለ ደስታን ያገቡ ነበሩ። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ጥላሁን ግዛው ደግሞ የልዑል መኮንን ባለቤት የልዕልት ሣራ ግዛው ወንድም ነበር። የልጅ ልጃቸው ባል በቢሮ፣ የምራታቸው ወንድም በሰልፍ።

ጥላሁን ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ምሽት ተተኮሰበትና ሞተ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ዛሬ የካቲት 12 ከሚባለው ሆስፒታል ወስደው ወደ ግቢው አመጡት። የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ ተማሪዎች ሞቱ። እንደገና በዚያው አትክልት ቦታ ላይ፣ እንደገና ባዶ እጁን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ። የካቲት 12ን ያየ ጎረቤት ያን ቀን በሕይወት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይነገራል። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ፤ ተማሪው ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የንጉሡ ስም ከበሩ ተነሣ።

ዛሬ

ዛሬ ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው በመጀመሪያው ፎቅ ላይ ቅርሱ በብሔር ወይም በክልል ተከፋፍሎ አያገኘውም። የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ። አሻንጉሊቱን፣ የሰርጉን ጌጥና የመቃብሩን ምልክት በዚህ ቅደም ተከተል ሲያዩ መሄድ በአገራችን ካሉ ሙዚየሞች አሰናዳድ ሁሉ የምወደው ነው፤ በተለይም ልደትም ሞትም ባየ ቤት ውስጥ ስለሆነ። ከዚያ የንጉሡና የንግሥቲቱ መኝታ ቤቶች ይመጣሉ።

ብዙ ጎብኚ አልጋውን አይቶ ያልፋል። መልበሻ ክፍሉ ጋ ቆም በሉ፤ በመስታወቱ ውስጥ የራሳችሁን ፊት ከጥይቱ ቀዳዳ ጋር ታዩታላችሁ። ስትወጡም ከመግቢያው ደረጃ ወርዳችሁ ወደ አትክልቱ ቦታ እለፉና፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ፣ የሲሚንቶውን ደረጃ እርከን ከታች ጀምራችሁ አስቆጥሯቸው። ቁጥሩ የሚያልቀው አንበሳው ጋ ነው።